በጥፊው ላይ የተሰማ እልልታ

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሃያ ሁለት ማሊያ፣ ሃያ ሁለት ቁምጣ። ካልሲው አንድ ጎደለ። ሁልጊዜ አንድ ካልሲ ይጎድላል። የት ነው የሚሄደው?

ጠዋት ጭጋግ ነበር፤ እስከ አምስት ሰዓት ገመዱ ላይ ምንም አልደረቀ። ቀይ አፈሩም ከነጩ ቁምጣ አልለቅ ብሎ ክንዴን ገደለው። ሎሚ የመልበሻ ክፍሉን እየጠረገች ታወራለች፣ እኔ እያሸሁ እሰማለሁ። ሥራ የተከፋፈልነው እንዲህ ነው።

ቆሎ የተጠቀለለልኝ ወረቀት የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሆኖ ተገኘ። «በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ታዋቂ ሰው ጥቀሱ» ይላል። ልጁ «አልአዛር 10 ቁጥር» ብሎ ጽፏል። መምህሩ ግማሽ ማርክ ሰጥቶታል። ለምን ግማሽ? ብቻዬን ሳቅሁ።

ማሊያውን ሳስረክብ ጋሽ በዛብህ የርክክቡን ወረቀት አቀረቡልኝ፤ እንደ ልማዳቸው የቀለሙን ሳጥን ከፍተው። አውራ ጣቴን አኖርኩ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ከሆኑ ጀምሮ፣ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ጣቴን ነው የማኖረው። ከስኳር ወረቀት፣ ከጨው ወረቀት ፊደል ለቅሜ ማንበብና መጻፍ ከቻልኩ ስንት ጊዜዬ… ማን ጠየቀኝ? እኔስ ለማን ተናገርኩ?

ልወጣ ስል፣ «ሰርካዲስ፣ እሁድ ከቴፒ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አለ። አልአዛር ከአዲስ አበባ መጥቶ ይሰለፋል። ማሊያዎቹን ወተት አድርጊያቸው» አሉኝ።

አልአዛር! ሳፋው ከእጄ ወደቀ።

ዓርብ፣ ጥር 23

መጣ!! ባጃጁ ሁሉ ከከተማው መግቢያ ጀምሮ ጡሩምባውን እየነፋ አጅቦት ገባ። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ቡና አራጋፊው… ሚዛን ከተማ ውስጥ ይሄን ያህል ሰው መኖሩንም አላውቅም ነበር።

እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ግንቡን ተደግፌ። ያየኛል ብዬም አይደለም። እናቱ ስትሞት አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ያቺን አንዲት ማሊያውን በክረምት ከሰል ላይ እያደረቅሁ ለነገው አደርስለት ነበር። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ለስላሳ እየጠጣ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው ያስታውሳል?

ከመኪናው ወረደ፣ ዞር ዞር አለ። «እትዬ ሰርኬ!» ሕዝቡን ሰንጥቆ መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ። «ይቺ ናት ያሳደገችኝ! ስሙኝ፣ ይቺ ናት!» ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ለእኔ!

ሎሚ ስንመለስ፣ «ጉንጭሽን እንዳትታጠቢው፣ በጨረታ እንሸጠዋለን» አለችኝ።

እውነትም አልታጠብኩም።

እሁድ፣ ጥር 25

ድምፄ ጠፍቷል። በተራው ልጻፈው።

ሜዳው ጢም ብሏል። ዛፉ ላይ ሰው፣ ጣሪያው ላይ ሰው። ቴፒዎች በሦስት አይሱዙ ተጭነው እየጨፈሩ ገቡ። እኔ ሳፋዬን ይዤ መስመሩ ዳር ነበርኩ፤ ከመስመር ዳኛዋ ኋላ፣ አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ዳኛዋ ትሁት ናት፣ የጋሽ ይስሐቅ ልጅ፣ የስፖርት መምህርቷ። ገና ከመጀመሩ ይጮሁባታል። «ዳኛዋ፣ ወጥሽ አረረ!» «ባንዲራውን ለባልሽ ስጪው!» ዞራ አላየችም።

ባዶ ለባዶ ቆየ። ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀር ኳሷ አልአዛር እግር ገባች። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን… መታት! መረቡ ተወጠረ! ቤተ ክርስቲያን እንኳ ድምፄን የማላሰማው ሴትዮ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እልል አልኩ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ። እልልልል…

ዓይኔን ስከፍት እጁ ፊቷ ላይ ነበር።

ለካ ባንዲራዋን አንስታ ኖሯል። ኦፍሳይድ። ጎሉ ተሽሯል። እሱ ሮጦ መጥቶ በጥፊ መታት። ባንዲራዋ ሳፋዬ ውስጥ ወደቀ።

ሜዳው ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ አፏጨ። ከዚያ ጭብጨባ… «ይገባታል!»

የመሐል ዳኛው ከድር እየሮጠ መጣ። ቀይ ካርድ ያወጣል ስል ባንዲራውን ከሳፋዬ አውጥቶ ውሃው እየተንጠባጠበ እጇ ላይ አኖረላት። «በይ ተይው፣ ትንሽ ደቂቃ ነው የቀረው።»

ቆመች። እስኪያልቅ ቆመች። ሁለት ጊዜ ደግሞ ባንዲራ አነሳች።

አልአዛር በመጨረሻ ሕፃናት አቅፎ ፎቶ ተነሳ። ሰዉ ጨፈረ። እኔስ? እኔ ውሃውን ደፋሁ።

ሰኞ፣ ጥር 26

10 ቁጥሩን ለብቻው አጠብኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ሎሚ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ሰርኬ! ታዋቂ ሆንሽ!»

ቪዲዮው ነው። ይሮጣል፣ ይመታታል፣ ከላይ ደግሞ እልልታ። የእኔ እልልታ! ጥርት ብሎ፣ እንደ ሠርግ። አገር ሁሉ አይቶታል አለች። ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። «ይቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ጉድ ናት?» «ሴት በሴት ጥፊ እልል ትላለች?» አንዱ ደግሞ እልልታዬን ቆርጦ ሊጥ በጥፊ ሲመታ በሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ለጥፎታል። ሰው ይስቃል። ሎሚም ሳቀች፤ ኋላ ፊቴን አይታ ተወችው።

«ታዲያ አልአዛርን ማን ጠየቀው?» አልኳት።

«ማን ይጠይቀዋል? አዘጋጆቹ 'የወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ አይመለከተንም' አሉ። የአዲስ አበባ ክለቡ 'በዕረፍቱ ያደረገው ነው' አለ። ፖሊስ ጣቢያው ከሳሽ የለም አለ። የለስላሳው ድርጅትም ዝም። እሱ ራሱ 'ደጋፊዎቼን ይቅርታ' ብሎ ለጥፏል።»

«ደጋፊዎቹን?»

«አዎ። የሷን ስም አልጠራም።»

ቪዲዮውን ዘጠኝ ጊዜ አየሁት። ጥፊው አሥራ አንደኛው ሰከንድ ላይ ነው። እልልታዬ የሚያልቀው አሥራ አራተኛው ላይ። ሦስት ሰከንድ…

እሁድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ብዬ ጽፌያለሁ። ከፍ ብሎ ተጽፏል፣ ያው። ውሸት ነው። ለጎሉ ስል ጨፍኜ ነበር፤ ቶሎ ከፍቻለሁ። ባንዲራውን አይቻለሁ። ሲሮጥ አይቻለሁ። ተናድጄባት ነበር፤ ልጄ ያገባውን ጎል ሻረችብኝ ብዬ። እጁን ሲያነሳም አላቆምኩም።

ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንዴት ይዋሻል?

ሐሙስ፣ ጥር 29

ጋሽ በዛብህ በጠዋት አስጠሩኝ። «ለሽምግልና ጋሽ ይስሐቅ ቤት እንሄዳለን። የልጁ እናት በሕይወት የለችም። በእናቱ ወንበር አንቺ ትቀመጫለሽ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ዛሬስ፦ የእናት ወንበር ሲባል ደስ አለኝ። ነጩን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

አምስት ሽማግሌ። አልአዛር ራሱ የለም፤ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። በሱ ፋንታ ሙክት በር ላይ ታስሮ ይጮሃል። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ለጋሽ ይስሐቅ አጎነበሱ። «ልጅ አጥፍቷል፤ ቤትህን ደፍሯል። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረን።» ጋሽ ይስሐቅ አለቀሱ። «ስለ ጌታ ብዬ ይቅር ብያለሁ» አሉ። አዲስ ጋቢ ትከሻቸው ላይ ተደረበ። ተመረቀ፣ አሜን አልን። በቃ፣ አለቀ። ምን ያህል ቀላል ነው!

ከዚያ ማስታጠቢያ ይዛ የገባችው ማን ናት? ትሁት።

ከትልቁ ሽማግሌ ጀምራ አስታጠበችን። የተመታችው እሷ፣ የታረቅነው እኛ፣ ውሃ የምታፈሰው እሷ! እኔ ጋ ስትደርስ እጄን መዘርጋት አቃተኝ። ዓይኗን አላነሳችም። ውሃውን ብቻ አፈሰሰች።

ጋሽ በዛብህ ጋ ስትደርስ፣ «አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። የተመታው ማን ነው?» አለች።

«ቤቱ ነው የተመታው፣ ልጄ። ቤቱም ይቅር ብሏል።»

«እንግዲያው ፎጣውን ቤቱ ያቀብልዎት።» ፎጣውን ግድግዳው ላይ ምስማሩ ላይ ሰቅላ ወጣች።

ጋሽ በዛብህ እጃቸው እየተንጠባጠበ ቀሩ። ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ። ደስታ ነው? ድንጋጤ ነው? ሁለቱም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሼ በአራተኛው ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ብቻዋን መስመር በኖራ ትቀባለች። አጎንብሳ፣ ቀጥ አድርጋ። ነጭ ነገር ሲበላሽ አልወድም፤ መስመሩን ላለመርገጥ ዞሬ መጣሁ። አየችኝ።

«ትሁት… እልልታው…»

«አውቃለሁ እትዬ ሰርካዲስ። ከኋላዬ ነበርሽ።»

«መጀመሪያ ለጎሉ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለጥፊው።»

የኖራውን ጣሳ አስቀመጠች። እጇን አራግፋ ቀረብ አለችኝ። ትመታኝ ይሆን ብዬ ሁሉ አሰብኩ፤ ብትመታኝም ቀለል የሚለኝ መሰለኝ።

«ሦስት ሺህ ሰው ነበር እዚያ» አለች። «'አዎ፣ አድርጌያለሁ' ብሎ የመጣ አንቺ ብቻ ነሽ። የመታኝ እንኳ አልመጣም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልልሽም። ገና ነኝ።» ከዚያ ሳይታሰብ ሳቀች። «እልልታሽ ግን ያምራል። ተማሪዎቼ የስልክ ጥሪ አድርገውታል፤ ክፍል ውስጥ በጮኸ ቁጥር ስልክ እነጥቃለሁ።»

እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ።

«ሰኞ ጣቢያ ሄጄ እከሳለሁ» አለች። «ከድርን ምስክር ሁነኝ ብለው 'በዚያ ሰዓት ሰዓቴን ሳይ ነበር' አለኝ። አንቺ ትመጫለሽ?»

«ቪዲዮው አለ አይደል? እኔ ምን እሠራለሁ?»

«ቪዲዮ ቃሉን ሰጥቶ አይፈርምም፣ እትዬ።»

እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን መንገድ ላይ ነው የሰማሁት። እሺ አልኩ!

ሰኞ፣ የካቲት 3

የነነዌ ጾም ነው። ባዶ ሆዴን ከትሁት ጋር ጣቢያ ገባሁ።

ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነው። ለትሁት ወንበር ሰጣት። «እህቴ፣ በሽምግልና ያለቀ ነገር ለምን ትቀሰቅሺያለሽ? አባትሽ ይቅር ብለዋል።»

«አባቴን አልመታቸውም።»

ፖሊሱ አሰበ። ብዕሩን አነሳ። «ምስክር?»

ሁለቱም አዩኝ። ተናገርኩ። ከጎሉ ጀምሬ እስከ ባንዲራው፣ ሳፋው ውስጥ እስከ መውደቁ። እልልታውንም። ለጥፊውም እንደነበረ። ያንን ስል ፖሊሱ ብዕሩን ጣለ፣ «እንዴ! እልልታዋ እርስዎ ነዎት?» ስልኩን ሊያወጣ ሁሉ ቃጥቶት ነበር፤ ትሁት አየችውና ተወው።

ቃሌን አነበበልኝ። ከዚያ፣ እንደ ሁሉም ሰው፣ የቀለሙን ሳጥን ከፍቶ ወደ እኔ ገፋው።

አየሁት። ሰማያዊ ቀለም፣ የሰው ሁሉ ጣት ያረፈበት።

«እስኪ ብዕሩን ስጠኝ» አልኩ። «መጀመሪያም ራሴ ላንብበው።» አነበብኩ። አንድ ቦታ «ሳታስብ እልል አለች» ብሎ ጽፎልኛል፣ ለእኔ አዝኖ። «ሳታስብ የሚለውን አውጣው» አልኩት። አወጣው። ከሥሩ ጻፍኩ፦ ሰርካዲስ መንግሥቱ። ሙሉ ስሜን። «ሥ»ዋን ሳይቀር አሳምሬ።

ትሁት አፏን ከፍታ ቀረች። «እትዬ፣ መቼ ተማርሽ?»

«ቆሎ ስበላ።»

ከጣቢያው ስንወጣ መንገዱ ሁሉ ሌላ መንገድ መሰለኝ። የሱቁን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሄድኩ። አበድኩ እንዴ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጋሽ በዛብህ የመልበሻ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበሉኝ። «ክለቡን ከድተሻል። ልጁን ከድተሻል። የሸመገልነውን አፈረስሽ።» ትሁትም ከእንግዲህ እንዳትመደብ ዳኞቹን ለሚመድበው ለከድር ነግረዋል። ሳፋው የራሴ ነው፣ ይዤው ወጣሁ።

ገበያ ላይ አንዷ፣ «እናት ነኝ ብላ በልጇ መሰከረች» አለች፣ እንድሰማ። ሌላዋ ቀስ ብላ አንድ እጅ ሙዝ ዘንቢሌ ውስጥ ጨመረችልኝ። የትኛዋን ልመን?

ከሰዓት አልአዛር ሎሚ ስልክ ላይ ደወለ። «እትዬ ሰርኬ፣ አንቺም?»

«አዎ፣ እኔም።»

«በስሜት ነው እኮ! ተቆጥቼ ነው። ሁሉም ሰው አልፎታል።»

«ሁሉም ሰው አልተመታም።»

ዘጋው። ከዚያ አለቀስኩ፤ ያቺ ከሰል ላይ ያደረቅኋት ማሊያ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ለአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ለዚህኛው? አላውቅም።

እሁድ፣ የካቲት 16

ሃ ሃ! እስኪ ልጻፈው።

ልጆቹ ማሊያቸውን ራሳቸው አጥበዋል። ነጩን ከቀዩ ካልሲ ጋር ዘፍዝፈው። ዛሬ ከሸኮ ቡድን ጋር ሲገቡ አሥራ አንዱም ሮዝ! የሸኮ ደጋፊ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ሙሽሮቹ መጡ! ሚዜዎቹስ የት አሉ?» እያሉ ዘፈኑላቸው። ሦስት ለዜሮ ተሸነፉ። ሎሚ ሳቋን መግታት አቅቷት አጥሩን ይዛ ቆመች።

ሲመሽ ጋሽ በዛብህ ደጄ መጡ። ሮዝ ማሊያ በፌስታል ይዘው። «ይለቃል?»

«በረኪና አለ። ይለቃል።»

«እንግዲያው ነገ ግቢ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተሬን አየሁ። «እገባለሁ። ትሁት ከተመደበች።»

«ምን አገናኘው?»

«ካልተመደበች ሮዝ ለብሰው ይጫወቱ።»

እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ! እኔ! ጋሽ በዛብህ ለብዙ ጊዜ አዩኝ፤ እንደማያውቁኝ ሰው። ፌስታሉን ደፉ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። እሺም እምቢም አላሉም። ማሊያው ግን እኔ ጋ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ዛሬ ገባ። አልአዛርም ዛሬ መጣ። መጥሪያ ደርሶት ነው። ባጃጅ አላጀበውም፤ ኮፍያውን አጥልቆ ብቻውን።

እኛ ጣቢያው ግቢ ነበርን። ቃሉን ሰጠ። ጠበቃው «ግጭት ተፈጠረ» እንዲል ፈልጎ ነበር አሉ። እሱ «መታኋት» ብሏል። ትሁት ፊት ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «ትሁት፣ ይቅርታ» አለ። ስሟን ሲጠራ ገና አሁን ሰማሁ።

«ሰማሁህ» አለችው። «ክሱ ግን ይቀጥላል።»

ራሱን ነቀነቀ። ወደ እኔ ዞረ። የምለውን እየጠበቀ ቆመ። እርግማን? ምክር? ሁለቱም አልመጣልኝም።

«ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

ቤት ወሰድኩት። የጾም ሽሮ ነው። ጠርጎ በላ። ሲጨርስ፣ «ሦስት ሺህ ሰው አጨበጨበልኝ እኮ፣ እትዬ ሰርኬ። ትክክል የሠራሁ መሰለኝ» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም አንዷ ነበርኩ።»

ሳህኑን ራሱ አንስቶ አጠበ። ፍርድ ቤቱ ለመጋቢት 12 ቀጥሮታል። ምን ይፈረድበታል? አላውቅም። እንዲፈረድበት እፈልጋለሁ፤ ምሳውን እንዲበላም እፈልጋለሁ።

እሁድ፣ የካቲት 30

ማሊያዎቹ ወተት። የርክክቡን ወረቀት ዛሬ በስሜ ፈረምኩ። ጋሽ በዛብህ የቀለሙን ሳጥን ከፍተው፣ መልሰው ዘጉት። አንድ ካልሲ ጎድሏል።

ትሁት ተመድባለች! በዚያው መስመር፣ በዚያው ባንዲራ። እኔም በዚያው ቦታ ከሳፋዬ ጋር። «ዳኛዋ፣ ዛሬስ ወጥሽን እንዳታሳርሪ!» ይሏታል። ዞራ አላየችም።

እኩል ለእኩል ነበርን። ሰባኛው ደቂቃ ላይ የኛ አጥቂ አገባ። ሜዳው ፈነዳ! እኔ ግን እሷን ነበር የማየው። ባንዲራው ተነሳ። ቀጥ ብሎ። ኦፍሳይድ።

ጸጥ… ዝንብ እንኳ ይሰማል። አጥቂው ወደሷ ሁለት እርምጃ ሮጠ። ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ሰዉ ሁሉ ምን እንደሚያደርግ ይጠብቃል፤ ማፏጨት ነው፣ ዝም ማለት ነው?

እልል አልኩ።

እልልልልል! ሎሚ ክንዴን ያዘችኝ። «ሰርኬ! አብደሻል እንዴ? የኛን ጎል እኮ ነው የሻረችው!»

«አውቃለሁ!» እልልልል… ጣሪያው ላይ ያሉት ልጆች ሳቁ። አንዷ ሴት ከወዲያ ተቀበለችኝ፣ ከዚያ ሌላዋ። አጥቂው ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። የትሁት ባንዲራ እልልታው እስኪያልቅ አልወረደም።

አንዴ፣ አንዴ ብቻ ዞር ብላ አየችኝ።

ዓይኔን አልጨፈንኩም።